የመደበቂያችን ታፔላ

ታፔላ አልወድም። የመሥሪያ ቤቴን ታፔላ እንኳ ቀና ብዬ ሳላየው ነው የምገባው። ባልደረቦቼ ይስቁብኛል፤ «ደግሞ ታፔላ ምን አደረገሽ?» ይሉኛል። ከአንገት በላይ ስቄ አልፋለሁ። ምን አደረገኝ መሰላችሁ? ቤቴን ነጠቀኝ። ቤት ስል ወልድያ የተከራየሁትን አይደለም፤ እሱን ማንም ቢነጥቀኝ ሌላ እከራያለሁ። የእናቴ ወገኖች ክፉ ቀን ሲመጣ የሚገቡበትን ነው የምላችሁ።

ከጦርነቱ በፊት እኛ ቢሮ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች የቅዳሜ ልማድ ነበረን። ጠዋት ወልድያ መናኸሪያ እንገናኝና ሚኒባስ ተሳፍረን ታሪክ ፍለጋ እንወጣለን። ልማዱን ያመጣብን አንድ ባልደረባችን ነው። አገሩ ሩቅ ነው፤ ወልድያ ተመድቦ መጣ፣ ወደዳት፣ በዚያው ቀረ። «ላሊበላንማ ፈረንጅም ያውቀዋል፤ እኔ የምፈልገው እናንተ የረሳችሁትን ነው» ይለን ነበር። እኛ ተወላጆቹ በገዛ አገራችን እሱ እየመራን ዞርን።

እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። ሲሪንቃን አለፍ ብሎ ወንዝ ዳር የቀረ የጣሊያን ጊዜ ድልድይ አየን፤ ግማሹ ተደርምሷል፣ በቀረው ላይ ፍየል ይተኛበታል። በሐራ በኩል ሜዳው ላይ ማንም የኔ ናቸው የማይላቸው የድንጋይ ክምር መቃብሮች አሉ። የክርስቲያን ይሁኑ የእስላም አይታወቅም፤ ከሁለቱም ወገን የሚያልፍ መንገደኛ ጠጠር ይጨምርባቸዋል። ከመርሳ ወጣ ብሎ ደግሞ ምሰሶው ወይራ የሆነ አሮጌ መስጊድ አለ። እዚያ ያገኘናቸው ሽማግሌ ማን እንደሆንን እንኳ ሳይጠይቁ ዱዓ አድርገው ነው የሸኙን። ባልደረባችን ሰው ማናገር ይችልበታል። ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብሎ ሲያዳምጥ ሰዉ ዕድሜውን ሙሉ የሚጠይቀው ሰው ሲጠብቅ የኖረ ነበር የሚመስለው። ይህን አልነፍገውም።

አንድ በሽታ ግን ነበረበት፤ ታፔላ። የትም ሄደን ስንመለስ ሰኞ ከቢሮ ቢሮ እየዞረ በር ያንኳኳል፣ ይለምናል፣ ይነዘንዛል፣ በመጨረሻ ያቺ ሰማያዊ ቆርቆሮ ትተከላለች። «ታፔላ የሌለው ታሪክ ነገ የለም» ይላል። ድልድዩ ተተከለለት። ባለቤት የሌላቸው መቃብሮች እንኳ ተተከለላቸው፤ ምን ተብሎ እንደተጻፈባቸው እግዜር ይወቅ።

የእናቴ አገር ሀብሩ ነው። መርሳ ላይ ቆማችሁ ወደ ምዕራብ ቀና ስትሉ ጉም የማይለየው ተራራ ይታያችኋል፤ መንደሩ ከሥሩ ነው። ባጃጅ እስከቻለው ይወስዳችኋል፣ ከዚያ ወዲያ እግር ነው። ላይኛው መንደር ክርስቲያን፣ ታችኛው እስላም ነው፤ ለቅሶውና ሠርጉ ግን የጋራ ነው። ሌላም የጋራ ነገር አላቸው። ከመንደሩ በላይ ገደሉ ላይ ዋሻ አለ። ከታች ቢያዩት ቋጥኝ እንጂ ዋሻ አይመስልም፤ አፉን ቁልቋል ሸፍኖታል። ውስጡ ግን ሰው ከነልጁ፣ ከነጥጃው፣ ከነእህሉ ይይዛል። ክረምት ከበጋ ደረቅ ነው። ጥግ ላይ ከጣሪያው ውኃ ይንጠባጠባል፤ የዱሮ ሰዎች ያንን የሚቀበል ገንዳ ከድንጋይ ፈልፍለዋል። ግድግዳው በጭስ የጠቆረ ነው፤ የየትኛው ዘመን እሳት እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

መቼም የእኛ አገር ዕጣው ይኸው ነው። በመርሳ የሚያልፈው አስፋልት የበቅሎ መንገድ ሳለ ጀምሮ ጦር ሲወጣም ሲወርድም በእኛ በኩል ነው። ወደ ሰሜን የሚሄደው ይበላናል፣ ከሰሜን የሚመለሰው ደግሞ የተረፈውን ይበላል። ሰዉ የተረፈው በዚያ ዋሻ ነው። ለዚህ ነው ዋሻው ስም ያልወጣለት። «እዛ ቤት» ነው የሚሉት፣ በቃ። መንገድም የለውም። ሁለት ሰው ተከታትሎ አይወጣም፣ ትናንት የተረገጠው ዛሬ አይረገጥም፣ የተኛ ሣር ካለ በእጅ ተቃንቶ ይታለፋል። ፍየል በዚያ በኩል አይሰማራም፤ ፍየል መንገድ ታወጣለቻ! ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ መንደሩ ሙሉ አንድ መንገድ እንዳይወጣ ሲጠነቀቅ ኖረ።

እኔን እዛ ቤት ያሳዩኝ አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ወንድም። ደንቡ እንደዚያ ነው፤ ልጅን የሚያሳየው የእናቱ ወንድም ነው፣ ጊዜውም ልጁ ጥርስ ሲነቅል ነው። «የወተት ጥርሱን ያልነቀለ አፉን አይዘጋም» ይላሉ። እጄን ይዘው «ሣሩን አትርገጪው፣ ድንጋዩን ርገጪ» እያሉ አወጡኝ። ገንዳው ጋ ሲያደርሱኝ በእፍኛቸው ውኃ አጠጡኝ። «ይኸ ቤትሽ ነው። ስሙን ለሚጠይቅሽ ስም የለውም። መንገዱን ለሚጠይቅሽ መንገድ የለውም» አሉኝ። ትምህርት ቤት ከተማርኩት ብዙውን ረስቻለሁ፤ ይኸን ግን አልረሳሁም።

እኔ ወንድም የለኝም። ሴት ልጄን ስወልድ አጎቴ ራሳቸው «እሷንም እኔው አሳያታለሁ፤ ጥርሷን ትንቀል ብቻ» ብለው ቃል ገቡልኝ። ልጄ የፊት ጥርሷ ተነቃንቆ በምላሷ ስትገፋው በሆዴ ደስ ይለኝ ነበር። ከተማ ብትወለድም፣ አባቷ ጥሎን ቢሄድም፣ ክፉ ቀን ሲመጣ የምትገባበት አላት እል ነበር። ለልጄ የማወርሳት ሌላ ምን አለኝ?

አንድ ቅዳሜ ከመንደራችን ማዶ ያለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አይተን ስንመለስ ዝናብ ያዘን። አጎቴ ከደጃቸው ሆነው አዩን። የእህታቸው ልጅ ከነጓደኞቿ ዝናብ ሲመታት አይተው እንዲያው ሊያሳልፉ? ሞተው ይገኛሉ! እየጎተቱ አስገቡን። እቴቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ እሳቱን አነደዱልን፣ ልብሳችንን አደረቁልን። እቴቴ አስም አለባቸው፤ ጭሱ ሲያፍናቸው ወጣ እያሉ ሲስሉ ቆይተው ይመለሱና እንደገና «ብሉ እንጂ! ምነው ተጠየፋችሁን?» ይላሉ። ምግቡ ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ፣ ተጎረሰ፣ ተጎራረሰ። አይ ወሎ! ደግነታችን ነው የገደለን።

ባልደረባችን ጠላውን ይዞ አጎቴ እግር ሥር ቁጭ አለ። «አባባ፣ ይህ ሁሉ ጦር በዚህ ሲያልፍ እናንተ እንዴት ተረፋችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው። ክፋት የለበትም፤ ማንም የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ የአጎቴን ጋቢ ሳብ አደረግሁ። ገልመጥ አድርገው አዩኝ። ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? «እግዜር አተረፈን» ቢሉስ? ግን የቤታቸውን ምግብ ለበላ ሰው መዋሸት አይችሉም። እኛ አገር ከአንድ መሶብ የበላ ክፉ አይሆንም የሚል እምነት አለ፤ አጎቴ ደግሞ እምነቱን እንዳለ የያዙ ሰው ናቸው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ዝናቡ ሲያባራ ወደዚያ ቤት ይዘውት ወጡ። «እሱ እንግዳ ነው፣ ቤቴ በልቷል» አሉኝ በአጠገቤ ሲያልፉ፤ መልስ የሰጡኝ እሱን ብቻ ነው። እቴቴ በር ላይ ቆመው እያዩ «ምን ነካቸው?» አሉ። ባልደረባችን ከዋሻው ሲወርድ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። የገንዳውን ነገር እየደጋገመ አወራልን። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ባልደረባችንን ቢሮ ውስጥ ለመንኩት። «ተው፣ ይኸ የሰው ጓዳ ነው» አልኩት። ሳቀብኝ። «የእናትሽ አገር ሰው የሚጠቀምበትን ነገር ትከለክያለሽ?» አለኝ። ቅር ብሎኝ ሳለ እሱ ዞሮ ዞሮ አንድ ድርጅት አገኘ፤ ስሙን ልተወው። ሰዎቹ ሜትር ይዘው መጡ። ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። የታችኛው መንደር ሼህ «ሐቂቃውን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይኸ ነገር ጥሩ አይደለም፤ ይቅርብን» አሉ። ከመጡት አንዱ ቆሞ «አባቶቻችን፣ የጦርነት ዘመን አልፏል፤ አሁን የቱሪስት ዘመን ነው» ብሎ መለሰላቸው። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። እንግዳን ውጣ አይባልም፤ ተዉአቸው ተባለ። ይኸ ስሕተት እንደኛ ያለ ሰው ብቻ የሚሠራው ስሕተት ነው።

ደረጃ ተሠራ። በሲሚንቶ፣ በጥርብ ድንጋይ፣ ከመንደሩ ጫፍ እስከ ዋሻው አፍ ድረስ፤ ሰው እንዳይወድቅ ተብሎ የብረት መደገፊያም ተበየደለት። ቁልቋሉ ተመነጠረ። አስፋልቱ ዳር ታፔላው ተተከለ፤ «ታሪካዊ የመደበቂያ ዋሻ» ይላል፣ ከሥሩ ቀስት አለው። መደበቂያ ብሎ ቀስት! እስኪ አሁን ይኸ ይነገራል? ያን ለት ግን የሳቀ የለም። ሪባን ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ አጎቴ ነጭ ጋቢ ለብሰው መርቁ ተባሉ። መረቁ። ምን ያድርጉ?

ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። የፊት ጥርሶቿ ወልቀው ገና አልበቀሉም። ፊደል ለይታ ማንበብ የጀመረችበት ወቅት ነው፤ ያገኘችውን ሁሉ ታነባለች። ታፔላው ሥር ቆማ በዚያ በወላቃ አፏ ጮክ ብላ አነበበችው። አጎቴ ሰሙ። ዝቅ ብለው አዩዋት፤ የሆነ ነገር ሊሉ አስበው ተዉት። ለእኔ የተነገረኝ ነገር ለልጄ ሳይነገራት ቀረ። ተናድጄ መኪና ውስጥ ሳለቅስ ያየኝ ሰው በደስታ ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም።

ቱሪስት የተባለው አልመጣም። አልፎ አልፎ ተማሪዎች መጥተው ፎቶ ይነሳሉ፣ ግድግዳው ላይ በከሰል ስማቸውን ይጽፋሉ። ፍየሎቹ ደረጃውን ወደዱት።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ዘመኑ አልፏል የተባለው ጦርነት! መጀመሪያ ሩቅ ነበር፤ ከዚያ አላማጣ ተባለ፣ ቆቦ ተባለ፣ ነሐሴ ሲገባ ወልድያ ላይ የመድፍ ድምፅ መስኮት ያንቀጠቅጥ ጀመር። መናኸሪያው ሰው በሰው ላይ ሆነ። ባልደረባችን ቤተሰቡን ይዞ ወደ አገሩ ሲወጣ ደወለልኝ፤ «ቦታ አለን፣ ከልጅሽ ጋር ነይ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም ብያችኋለሁ። «ግዴለም፣ እኔ ቤት አለኝ» አልኩት። ደረጃውን ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ግን ሰው ሲፈራ ልጅ ይሆናል፤ እግሬ የሚያውቀው እዛን ብቻ ነው። በተገኘው መኪና መርሳ ደረስን፤ የቀረውን ልጄን እየጎተትኩ በእግሬ ሄድኩ።

አስፋልቱ ዳር ስደርስ አጎቴ መጥረቢያ ይዘው ታፔላውን ይመታሉ። ቆርቆሮው ተጣሟል፣ አልወድቅ ብሏል። ላባቸውና ዝናቡ አንድ ላይ ይወርዳል። አብሬያቸው ያዝኩ። ነቅለን ጎትተን ማሽላው ውስጥ ቀበርነው። ከዚያ የሁለቱም መንደር ወንዶች ዶማና ድጅኖ ይዘው ደረጃው ላይ ዘመቱ። ሲሚንቶው እምቢ አለ። ለክሊኒክ እያልን ስንለምን ጠፍቶ የኖረው ሲሚንቶ እዚያ ላይ ምን ያህል ተደፍቷል መሰላችሁ! እሾህ ቆርጠው አለበሱት፤ የብረት መደገፊያው በእሾሁ መሀል ሩቅ ድረስ ያብለጨልጫል። አጎቴ ዶማቸውን ጣሉ። «ተዉት፤ ደረጃ ያለው ቤት እንግዳ ይጠራል። እዛ አንገባም» አሉ።

ከመንደሩ በታች ባለው ሸለቆ ገባን። ላስቲክ ወጥረን፣ ሥሩ ተጠጋግተን። መሬቱ ጭቃ ነው፣ ላዩ ዝናብ። እሳት ማንደድ አይቻልም። ታጣቂዎቹ መንደሩ ሲደርሱ ጊዜ አላጠፉም፤ ደረጃውን አዩት፣ ወጡት። ደረጃ ሠርቶ እንደዚያ የሚቀበላቸው ሌላ ማን አለ? በርከት ብለው እዚያው ከረሙ። እኛ ከሸለቆው ቀና ስንል ከዋሻችን አፍ ጭስ ሲወጣ ይታየናል። እነሱ ደረቁን መሬት ይዘው፣ ከገንዳው እየጠጡ፣ እኛ ጭቃ ላይ ልጆቻችንን አፍ አፋቸውን ይዘን እንዳያስሉ እንለምናለን።

እቴቴን ሳል አልተዋቸውም። ደረታቸው እንደ ወናፍ ይሰማል። መድኃኒታቸው አለቀ፤ መርሳ ወርዶ የሚያመጣ የለም፣ ቢወርድም የተከፈተ ፋርማሲ የለም። ሳል ሲመጣባቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ይጎስጉሳሉ፤ በእኔ የተነሳ ሰው እንዳይገኝ ብለው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጋብ ሲል ራሳቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጠናል። ወደ ዋሻው እያዩ «ልጅ ሆኜ እዛ ስንገባ ዝናቡ ውጭ ሲዘንብ መስማት ደስ ይለኝ ነበር» አሉኝ። «ይኸ ሲያልፍ እንገባለን፣ እቴቴ» አልኳቸው። «እነሱ ይግቡ፣ የተጠሩት እነሱ ናቸው» አሉኝ። ምሬታቸውን የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። በማግስቱ ቀትር ላይ ሞቱ።

ሞት ይኖራል፤ ሰው ይሞታል። አለመለቀሱን ግን ምን ልበላችሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞት ተራራው እስኪመልስ ይጮሃል፤ ሙሾ ይወጣል፣ ደረት ይመታል፣ ከማዶ ያለው ሰምቶ ዱላውን ይዞ ይመጣል። ለእቴቴ እህህ ያለ የለም። አጎቴ ጋቢያቸውን ነክሰው ጭቃው ላይ ተደፉ፤ ጀርባቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። ጉድጓዱን የቆፈሩት የታችኛው መንደር ሰዎች ናቸው፤ ዶማ ድንጋይ መትቶ እንዳይሰማ አብዛኛውን በእጃቸው። ቄሱ ፍታቱን ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ብቻ ጨረሱ። ልጄ እጄን ይዛ ታያለች፤ ማልቀስ እንደማይፈቀድ ማንም ሳይነግራት ገብቷታል። አሁን ድረስ ያቺ ልጅ ስታለቅስ ድምፅ የላትም።

ታኅሣሥ ላይ ጦሩ ለቆ ሄደ። እቴቴን አውጥተን ቤተ ክርስቲያኑ አጸድ አሳረፍናቸው፤ ያልተለቀሰው ሁሉ ያን ለት ተለቀሰ። ዋሻውን አየሁት። ገንዳው ተሰብሯል፣ ውስጡ ሸቷል፣ ግድግዳው በማላውቃቸው ሰዎች ስም ተሞልቷል። ወልድያ ስመለስ ቢሮው ተዘርፎ ወንበር እንኳ አልቀረም፤ ታፔላው ብቻ በሩ ላይ አለ።

ባልደረባችን ተመልሶ መጣ። የእቴቴን ሲሰማ አለቀሰ፣ ከልቡ ነው። ለቅሶ ልድረስ ብሎ አብሮኝ መንደሩ ወጣ። አጎቴን ሲያቅፋቸው ሁለቱም ተላቀሱ። ከዚያ ምሳ ቀረበ። አሁን የሚያቀርበው የጎረቤት ሴት ነው። ባልደረባችን እጁን ታጥቦ ሁለቴ ያህል እንደጎረሰ ጀመረው፤ በሽታው አልለቀቀውም። ታፔላው ይታደሳል አለ። ከድሮው ላይ አዲስ ነገር ይጨመርበታል አለ፤ ሕዝቡ በዚህኛው ጦርነት ምን እንዳየ ይጻፍ አለ። «አባባ፣ ዋሻው ከተያዘ በኋላ የት ነው የተደበቃችሁት? ከሸለቆው ሌላ፣ ጦሩ ከሄደ ወዲህ ለክፉ ቀን የሚሆን አዲስ ቦታ አግኝታችኋል ይባላል። ይኸ ለትውልድ መቀመጥ አለበት።»

አጎቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልለው አጎረሱት። «ብላ፣ ልጀ» አሉት።

ዋጠና እንደገና ጠየቀ። «በየት በኩል ነው? በሰሜን ነው?»

«ብላ እንጂ፣ አልበላህም» አሉት፤ ሌላ አጎረሱት።

ሦስተኛ ሊጠይቅ አፉን ሲከፍት ያንን ያህል አጎረሱት። ፊታቸው ላይ ቁጣ የለም፤ ጨዋነቱ እንዳለ ነው። ገባው መሰለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ በላ። እኔ በልቤ እሰይ! አልኩ። አበጁ አጎቴ፣ በስተርጅና ተማሩ አልኩ። ደስ አለኝ፤ ደስታዬ ግን ዕድሜ አልነበረውም።

እሱ ወደ ውጭ ሲወጣ ጠጋ አልኳቸው። እኔ ወልድያ ከተመለስኩ ወዲህ ሌላ ቦታ መገኘቱን እኔም ሰምቻለሁ፤ መንደሩ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ ሲያዩኝ ግን ወሬ ይቀይራሉ። «አጎቴ፣ ልጄ ጥርሷን ነቅላ ጨርሳ አዲስ አብቅላለች። ቃል ገብተውልኝ ነበር» አልኳቸው። ቀና ብለው ብዙ አዩኝ። ዓይናቸው ውስጥ ፍቅሩ አለ፤ ያ ነው የሚከፋው። ከዚያ እጃቸውን ወደ መሶቡ ሰደዱና ለኔም ጠቀለሉልኝ።

«ብዪ፣ ልጀ» አሉኝ።

አፌን ከፍቼ ተቀበልኩ። ሌላ ምን አደርጋለሁ? እንግዳ ይጎርሳል። ይኸን ያህል ዘመን በበላሁበት ቤት ያን ለት ጉርሻዬን በውኃ አወረድኩት። ስንሄድ በር ድረስ ወጥተው ሸኙን፣ መረቁን፣ «ደግማችሁ ኑ» አሉን። እኔንም ጨምረው «ኑ» ነው ያሉት። ድሮ «መቼ ትመጫለሽ?» ነበር የሚሉኝ።

በዓመቱ፣ በዚያው በነሐሴ፣ ከቆቦ በኩል እንደገና መድፉ ተጀመረ። ወልድያ እንደገና ጓዟን ሸከፈች። እኔም እንደገና ልጄን ይዤ ወጣሁ፤ ይበለኝ፣ እግሬ ልክፍት አለበት። የአጎቴ ቤት በር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የጎረቤቱም እንደዚያው። በመስኮቱ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፤ የምድጃው ፍም ገና ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። ታችኛው መንደር ወረድኩ፤ ዶሮ እንኳ የለም። ተመልሼ አጥሩ ላይ ወጣሁና ወደ ተራራው «አጎቴ!» ብዬ ተጣራሁ። ተራራው የኔኑ ድምፅ መለሰልኝ። ሩቅ እንዳልሄዱ አውቃለሁ። ከሆነ ቋጥኝ ጀርባ ሆነው እንደሚያዩኝም አውቃለሁ፤ ልጄን ሲያዩ አጎቴ ጋቢያቸውን እንደሚነክሱ ጭምር አውቃለሁ። ሣሩን አየሁት፤ የተኛ ሣር የለም። አንድም ሰው የረገጠበት ምልክት የለም። ጎበዞች ናቸው፣ እንደ ድሮው ነው ያደረጉት።

የሚታየው መንገድ ያ ደረጃ ብቻ ነው፤ ብረቱ ዝናብ ነክቶት ያብለጨልጫል። ልጄ ቀና ብላ አየችውና «እማ፣ እዛ ነው የምንገባው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። «ታዲያ እኛ የት ነው?»

እሷን ተሸክሜ፣ ትልቅ ልጅ ሆና ሳለ ተሸክሜ፣ ቁልቁል ወደ አስፋልቱ ወረድኩ።